መቀሱን ለእማማ ስጧቸው!

መቼም ክረምት ሲገባ የከተማችን ወጣት ሐሳቡ ይበዛል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ኪስም እንደ ሰማዩ ጠቁሯል። ታዲያ በዚህ መሐል ከጓደኞቻችን አንዱ ብድግ ይልና «ለምን አረጋውያን ማዕከል ሄደን ግድግዳውን አናሳምርላቸውም?» ይላል። አሪፍ ሐሳብ ነው! ማን እምቢ ይላል? ወዲያው ገንዘብ ይዋጣል፤ ፊኛ፣ ብልጭልጭ ወረቀትና ፕላስተር ይገዛል፤ ቲሸርት ይታተማል። ቅዳሜ ጠዋት ወጣቱ በሚኒባስ ተጠቅጥቆ ከተፍ ይላል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ግድግዳው የልደት አዳራሽ መስሎ ቁጭ! እማማና አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያያሉ። ፎቶ ይነሳል። «እግዜር ይስጥልን ልጆቼ» ይባላል። በቃ፣ ቻው!

እስቲ ልጠይቃችሁ ውድ አንባቢያን፤ እዚያ ግድግዳ ላይ የእማማ እጅ የት አለ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው። ላለፉት ሦስት ክረምቶች ከጓደኞቼ ጋር ሆኜ በከተማችን ካሉት የአረጋውያን መኖሪያዎች ወደ አንዱ እመላለሳለሁ። የቦታውንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም፤ ማንም ሰው የጡረታ ዘመኑ ጋዜጣ ላይ እንዲወጣበት አይፈልግምና። ያየሁትን፣ የሰማሁትንና ያነበብኩትን ግን አልደብቃችሁም። እግረ መንገዴንም በዚህ ክረምት ለመሄድ ላሰባችሁ የሚጠቅም ምክር ጣል አደርጋለሁ።

ግድግዳ ማየት ሥራ ሲሆን

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኔና እናንተ ግድግዳ አናይም። ታክሲ እናያለን፣ ሰው እናያለን፣ ከሁሉ በላይ ደሞ ስልካችንን እናያለን። እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው አንድ አባት ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያዩት ከአልጋቸው ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ነው። ነገም እሱኑ፣ ከነገ ወዲያም እሱኑ። አንድ ቀን «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያቺ ስንጥቅ ትናንት እዚህ ድረስ ነበረች፤ ዛሬ ረዘመች መሰለኝ!» ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን የሚያስቅ ነገር አይደለም።

ዓይን የሚያርፍበት ነገር ለሰው ጤና ለውጥ ያመጣል ወይስ አያመጣም የሚለውን ያጠኑ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ሮጀር ኡልሪክ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። በፔንሲልቫንያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ጥገና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ አገላበጠ። የግማሾቹ መስኮት ወደ ዛፍ የሚያሳይ ነው፤ የግማሾቹ ደግሞ ወደ ጡብ ግድግዳ። ዛፍ ሲያዩ የሰነበቱት ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ የፈለጉት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ የወረቀት አበባ ዛፍ አይሆንም። ነገር ግን «ግድግዳ ምን አላት፣ ዝም ብላ ትቁም» ለሚል ሰው ጥሩ መልስ ነው።

የማን ክረምት?

እናላችሁ፣ በመጀመሪያው ዓመት ከመካከላችን አንዷ ልጅ የክረምት ማስዋቢያ የሚሆን ሥዕል ከኢንተርኔት አውርዳና አትማ መጣች። ምን ምን አለው? የባሕር ዳርቻ፣ ዘንባባ፣ አይስክሬም፣ መነጽር ያጠለቀች ፀሐይ። አንዲት እናት ወረቀቱን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ጎሽ የኔ ልጅ፤ ግን ክረምቱ የታል?» አሏት።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፈረንጆቹ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ የእነሱ የእረፍት ወቅት ይሄ ነው። የእኛ ሰማይ ደሞ በዚያው ወር ይቀደዳል። በጥንቱ አቆጣጠር ክረምት የሚባለው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው ጊዜ ነው። ታዲያ እዚያ አገር ላሉ አረጋውያን የተሠራውን የዘንባባ ሥዕል አምጥተን ሐምሌ መሐል ብንለጥፈው፣ ውጭ ዶፍ እየወረደ ግድግዳው ላይ ፀሐይ አይስክሬም ትልሳለች ማለት ነው። ወይ ጉድ!

ስለዚህ ወረቀቱን ትተን መጠየቅ ጀመርን። «ክረምት ሲባል ምን ይታይዎታል?» ቤቱ ተነቃቃ። አንዷ የበቆሎ እሸት አሉ፤ ከሰል ላይ ሲጠበስ የሚፈነዳው ድምፁ ሳይቀር። ሌላዋ ቆርቆሮ ላይ የሚንጫጫ ዝናብ አሉ። አንደኛው የቡሄ ጅራፍ፣ ሌላው ወንዝ ሞልቶ ማዶ ለማዶ መጠራራት አሉ። ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ ቀስ ብለው «ገሳ» አሉ።

ከእኛ ውስጥ ገሳ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። አባባ ፈገግ አሉ። ያቺ ፈገግታ ዓይኔ ላይ አለች፤ የሚያውቅ ሰው ፈገግታ ናት። ገሳ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት፣ ከሣር መሰል ተክል ተሠርቶ ከራስ እስከ ወገብ የሚደፋ ልብስ መሆኑን ነገሩን። ከዚያ በካኪ ወረቀት ከረጢት ላይ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩን፤ ወረቀቱ በቀጭን በቀጭኑ ተተልትሎ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ይለጠፋል። ግድግዳው ላይ ገሳ ለብሶ የቆመ እረኛ ተሠራ። እኛ ተማሪ፣ አባባ አስተማሪ!

ለመሆኑ ያ የባሕር ሥዕል ተጣለ? አልተጣለም። ልጅቷ ልትሰበስበው ስትል አንድ ሌላ አባት እጃቸውን ዘረጉ። «ባሕሩን አትጣዪው ልጄ» አሉ። ለካስ በጉልምስናቸው አሰብ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነበሩ! አዲስ አበባ በሐምሌ ብርድ ሲንቀጠቀጥ አሰብ እንደ ምጣድ ይግላል። የእሳቸው ክረምት ጉም ሳይሆን ሙቀት፣ ጨው የነካው ነፋስና የመርከብ ጥሩምባ ነው። እናም በዚያ ሁሉ ዝናብና ጭቃ መሐል፣ ከታች በስተቀኝ በኩል፣ ሰማያዊ ባሕርና አንዲት መርከብ ተለጠፈች። የመርከቧን ጭስ ማውጫ ሁለት ጊዜ አስቀይረውናል፤ «እንዲህ ያለ መርከብ የለም» እያሉ።

ከዚህ የምትረዱት ነገር ምንድን ነው? ሽማግሌ ሁሉ አንድ አይደለም። ሁሉም ከገጠር የመጣ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ትዝታ ያለው እየመሰለን «ለእነሱ የሚሆን» ብለን የምንወስነው ነገር ብዙ ነው። መጠየቅ ግን ነፃ ነው!

«እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

አሁን ደግሞ ወደ ዋናው ቁም ነገር ልውሰዳችሁ። ስፌት ሰፍተው፣ ሰፌድና ሌማት ሸጠው ልጆች ያሳደጉ አንዲት እናት አሉ። ዛሬ ጣቶቻቸው በመገጣጠሚያ ሕመም ተቆልምመዋል። አንድ ቀን አንዱ ልጅ በቅንነት ነው፣ የአበባ ቅርጽ የተሣለበት ወረቀትና ቀለም ይዞ ቀረባቸው። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ድምፁን አቅጥኖ «እማሚዬ፣ እስቲ ይቺን ቆንጆ አርገው ይቀቧት!» አላቸው። እማማ ወረቀቱን አዩት፣ ልጁን አዩት፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ልጄ፣ እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

ክፍሉ ጸጥ አለ።

ወጣቶች፣ እዚህ ላይ ልብ እንበል። እጅ ሲደክም አእምሮም አብሮ የደከመ ይመስለናል። «እርስዎ» እያልን በአፋችን እናከብራለን፤ በድምፃችንና በምንሰጣቸው ሥራ ግን ወደ መዋዕለ ሕፃናት እንመልሳቸዋለን። ሰማንያ ዓመት የኖረ ሰው ደግሞ ይህን ለመለየት አፍታም አይፈጅበት። ቀለም መቀባት በራሱ ነውር ሆኖ አይደለም፤ ደስ ብሏቸው የሚቀቡ አሉ። ነውሩ ሳይጠይቁ መስጠት ነው።

ነገሩን ያዳነችው አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። አጠገባቸው ቁጭ ብላ «እማማ፣ ሰፌድ ሲጀመር ከየት ነው የሚጀመረው?» አለቻቸው። «ከመሐሉ ነዋ! ከእምብርቱ» አሉ፤ መጠየቁ ራሱ ገርሟቸው። ከዚያ ወሬው ወደ አክርማ፣ ወደ ስንደዶ፣ አለላ ወደማቅለሙ ሄደ። ጣታቸው ዛሬ ወስፌ አይዝም። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ተከፈለ፤ እኛ ባለቀለም ወረቀት በረጅሙ ቆርጠን እንደ ገመድ እንጠቀልላለን፣ ክብ ካርቶን ላይ ከመሐል ጀምረን እያዞርን እንለጥፋለን፤ እማማ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዛሉ። «ቀዩን ከአረንጓዴው አታጣብቀው፤ ነጭ አስገባበት።» «ፍታው፣ ፍታው! ላላ።» ሦስት ጊዜ አስፈትተውናል! ወደ አንድ ሜትር የሚጠጋ የወረቀት ሰፌድ አልቆ ግድግዳው ላይ ሲወጣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተመለከቱና ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ትንሽ ዘሟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰፋ ሰው ግን አያስከፋም።»

ያ አበባ ይዞ የመጣው ልጅ ዛሬ ከእሳቸው ወንበር አይለይም።

መዋኛውን ቤቱ ያስገባው ሽማግሌ

ይሄ ነገር የእኛ ሰፈር ወግ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንሪ ማቲስ የሚባለውን ፈረንሳዊ ሠዓሊ ስሙን ሰምታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ የሆድ ዕቃ ቀዶ ጥገና ከተደረገለት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። እንደ ድሮው ቆሞ መሣል ሲያቅተው ምን አደረገ? መቀስ አነሳ! ረዳቶቹ ወረቀት ቀለም ይቀቡለታል፤ እሱ ይቆርጣል፤ እነሱ ደግሞ እሱ «እዚህ፣ ትንሽ ወደላይ» ባለው ቦታ ግድግዳ ላይ በስፒል ይሰኩለታል።

እ.ኤ.አ. በ1952 በጋቸው ላይ፣ የ82 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ ዋናተኞች ሲጠልቁ ማየት አማረውና ካን ወደሚባለው ከተማ ወደ አንድ መዋኛ ሥፍራ ሄደ። ሙቀቱ ግን አላስቀምጥ አለው። ኒስ ወደሚገኘው ቤቱ ተመለሰና የራሱን መዋኛ ራሱ ሊሠራ ወሰነ። የምግብ ክፍሉን ግድግዳ ከራስ በላይ በሆነ ቁመት ዙሪያውን ነጭ ወረቀት አስለጠፈ፤ በላዩ ላይ ከሰማያዊ ወረቀት የቆረጣቸው ዋናተኞች እየተገለባበጡ ክፍሉን ዞሩት። «መዋኛው» የሚባለው ይህ ሥራ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው።

ልብ አድርጉ፤ መሰላል የወጣው እሱ አይደለም፣ ስፒል የሰካውም እሱ አይደለም። ረዳቶቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ጉልበቱ የእነሱ ነው። ዋናተኛው የት ይዋኝ የሚለው ግን የሽማግሌው ነበር። ከእኛም የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ጉልበት ማበደር።

እንዲህ ያለውን ነገር የፈተሹም አሉ። ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ኮኔቲከት ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ የሚገኙ 91 ሰዎችን በሁለት ከፈሉ። ለአንደኛው ወገን «ክፍላችሁ እንዴት ይሁን የሚለው የእናንተ ጉዳይ ነው፤ ይቺን ተክል መርጣችሁ ራሳችሁ ተንከባከቧት» ተባለ። ለሌላው ወገን «እኛ እንንከባከባችኋለን» ተባለና ተክል ተሰጠ፤ ውኃ የምታጠጣው ግን ነርሷ ነች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲታይ የመረጡትና ኃላፊነት የተሰጣቸው ይበልጥ ንቁ፣ ይበልጥ ደስተኛና ይበልጥ ተንቀሳቃሽ ሆነው ተገኙ። አያችሁ? ልዩነቱ ያለው ከተክሏ ላይ አይደለም። «ማን ይወስን?» የሚለው ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራ!

ሐሳቡ ከገባችሁ ዘዴው ቀላል ነው። ነጥብ በነጥብ ልንገራችሁ።

ዓይን፦ ዕድሜ ሲገፋ የዓይን ሌንስ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፤ ወደ ውስጥ የሚገባውም ብርሃን ይቀንሳል። ስለዚህ ሰማያዊና ሐምራዊ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሊምታቱ ይችላሉ። አደይ አበባችንን ነጭ ወይም ክሬም ግድግዳ ላይ ብትለጥፉት ለእናንተ ያምራል፤ ለእማማ ግን ጠፍቷል። መጀመሪያ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ወረቀት ከጀርባ አድርጉ፤ ከዚያ ቢጫው ይጮሃል። አበባውን የሰሐን ያህል አተልቁት። ብልጭልጭ ወረቀት መብራት ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል፤ ለሠርግ አዳራሽ ተዉት።

እጅ፦ ጣታቸው የማይጨብጥ ከሆነ የብሩሹን ወይም የማርከሩን እጀታ በስፖንጅ ወይም በጨርቅ ጠቅልላችሁ አወፍሩት። መቀስ የሚከብዳቸው ወረቀት በእጅ ይቀዳሉ፤ የተቀደደ ወረቀት እንዲያውም ለጉምና ለደመና ከመቀስ ይልቅ ያምራል። አንድ እጃቸው የማይሠራ ከሆነ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ያዙላቸው። ከነጭራሹ የማይችሉ ከሆነ ደግሞ በአፋቸው ይቁረጡ! «ይቺ ትረዘም፣ ያቺ ትቀነስ» ማለትም መቁረጥ ነው።

ቁመት፦ እኛ ቆመን በዓይናችን ልክ የምንሰቅለው ነገር ለተቀመጠ ሰው ከፍታ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀሙት የሥዕሉ መሐል ከወለሉ 120 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ይስማማል። አልጋ ላይ ላሉት ደግሞ ራሳችሁን ወደ ትራሳቸው ዝቅ አድርጋችሁ ከዚያ ሆናችሁ እዩ። ምን ይታያል? የቁም ሳጥን ጀርባ? እንግዲያው ቦታ ቀይሩ።

አሰቃቀል፦ በክረምት ግድግዳ ይረጥባል፤ ፕላስተር በሦስተኛው ቀን ይረግፋል፣ ሲላጥም ቀለም ይዞ ይወርዳል። እኛ የምናደርገው ሁለት ሚስማር ዳርና ዳር መትቶ ሲባጎ መዘርጋት ነው። ሥራው በልብስ መቆንጠጫ ይንጠለጠላል። እማማ ነገ ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ቦታ መለወጥም ቀላል ነው። ማስቲሽ ከጠፋ ዱቄት በውኃ በጥብጦ ለስላሳ እሳት ላይ እያማሰሉ ማወፈር ነው፤ እሱን ደሞ እነሱ ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ወረቀቱም ከያላችሁበት ይገኛል፤ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ጀርባ፣ ከሱቅ የሚወረወር ካርቶን፣ የካኪ ከረጢት።

ማስታወስ፦ የመርሳት ሕመም ያለባቸውን «ይሄ ምንድን ነው? ረሱት እንዴ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው። ፈተና ላይ የሚወድቅ ሰው ሥዕል አያስደስተውም። አንድ በአንድ፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ስጡ። ትልልቅ ነፍሳት፣ ዓይን ያፈጠጠ ጭንብል የመሰለ ነገር አትስቀሉ፤ እውነት መስሎ ሊያስደነግጥ ይችላል። ከሥዕሉ አጠገብ የወሩን ስም በትልቁ ጻፉ፤ «ሐምሌ» ብሎ። ሐምሌ ሲያልቅ ግን ቀይሩት! የእንቁጣጣሽ አበባ እስከ ፋሲካ ተሰቅሎ ከቆየ ወቅቱ ለጠፋበት ሰው ሌላ መደናገሪያ ነው።

አደጋ፦ ስፒል፣ ዶቃ፣ የስቴፕለር ሽቦ ተቆጥሮ ይገባል፣ ተቆጥሮ ይወጣል፤ ወደ አፍ ሊሄድ ይችላልና። እውነተኛ ቅጠልና አበባ ካመጣችሁ ለይታችሁ ይሁን፤ በክረምት መንገድ ዳር የሚበቅለው አስተናግር መርዝ ነው። የቡሄው ችቦ የወረቀት ችቦ ብቻ ይሁን፤ ወረቀት ከምድጃ፣ ከሻማና ከአምፖል ይራቅ። የእጅ መደገፊያ ብረት፣ የመውጫ በርና የመጸዳጃ ቤት ምልክት በጌጥ አይሸፈን።

እምነት፦ እዚህ ቤት ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ጣሪያ ሥር ነው። ቡሄን የሚፈልግ ይሥራ፤ የጋራው ግድግዳ ግን የጋራ ነገር ቢበዛበት ደስ ይላል። ዝናብ፣ ጃንጥላ፣ የበቆሎ እሸት፣ ቀስተ ደመና የማን ናቸው? የሁላችን!

ሰዓት፦ ከቁርስ በኋላ ከአርባ አምስት ደቂቃ አይለፍ። ያላለቀው ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር። እንዲያውም ሳያልቅ መሄድ መልካም ነው፤ የሚጠበቅ ነገር ያለው ሳምንት አያሰለችም። አንድ ቀን መጥቶ ከመጥፋት አራት ሳምንት መመላለስ ይሻላል። በመጀመሪያው ሳምንት መጠየቅና መምረጥ፣ በሁለተኛው ጉሙንና ዝናቡን፣ በሦስተኛው ሰውና ዕቃውን፣ በአራተኛው አደዩን ብታደርጉት ግድግዳው ከክረምቱ ጋር አብሮ ይለወጣል።

ፎቶ፦ ኧረ በፈጠራችሁ! መጀመሪያ አስፈቅዱ። «ላንሳዎት?» ብቻ አይደለም፤ «የትም ቦታ ሰው እንዲያየው ባወጣው ይከፋዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። እዚያ መሆናቸውን ዘመድ እንዳያይባቸው የሚፈልጉ አሉ። መልስ መስጠት የማይችል ሰው ፎቶ አይወጣም፤ አለቀ። ሥራውን አንሱ፣ ግድግዳውን አንሱ፤ ያምራል።

ባነሩ መጣ

ለመጨረሻ ያቆየሁት አንድ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ለቤቱ የሚረዱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። አስተዳዳሪው መልካም ሰው ነው፤ ሌት ተቀን የሚለፋ። ነገር ግን ግድግዳውን አየና ፊቱ ተለወጠ። ያ የዘመመ ሰፌድ፣ ያ ገሳ የለበሰ እረኛ፣ ያቺ መርከብ... «እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ሆኖ አይታይም» አለ። «መልካም አዲስ ዓመት» የሚል ባማረ ቀለም የታተመ ባነር አዘጋጅቷል፤ የእኛ ግድግዳ ወርዶ እሱ ሊሰቀል ነው።

በአስተዳዳሪው አልፈርድም። ቤቱ የሚኖረው በእርዳታ ነው፤ እንግዳ ሲከፋ ዳቦ ይጎድላል። እኛም ምን እንደምንል ጨንቆን ተያየን። ስፌት ሰፊዋ እናት ግን ወንበራቸውን ወደፊት አስገፉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጄ፣ እንግዳ የሚመጣው ቤት ለማየት ነው ወይስ ባነር ለማየት? ባነሩን በር ላይ አድርገውና ሰው ይጋበዝበት። እዚህ ግን የምንኖረው እኛ ነን።» የአሰቡ አባት ከወዲያ በኩል «እውነቷን ነው!» አሉ። ሌላውም ተከተለ። ወር ሙሉ ከእንቅልፍና ከምግብ በስተቀር ስለ ምንም የማይናገሩ አንድ ሰው ሳይቀሩ «አይነካም» አሉ።

ባነሩ ዋናው በር ላይ ተሰቀለ። ግድግዳው አልተነካም። እንግዶቹም መጥተው ባነሩን አለፉት፤ ከእረኛው ፊት ግን ቆመው «ይሄ የለበሰው ምንድን ነው?» እያሉ ጠየቁ። ገሳ የሠሩት አባት ከወንበራቸው ሆነው ሲያስረዱ ሻይ ቀዘቀዘ።

እኔ የዚያን ዕለት የገረመኝ የግድግዳው መትረፍ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች የሚበሉበት ሰዓት በሌላ ሰው የሚወሰን፣ የሚተኙበት ሰዓት በሌላ ሰው የሚወሰን፣ የሚለብሱትም በእርዳታ የመጣ ልብስ የሆነ ሰዎች ናቸው። «እዚህ የምንኖረው እኛ ነን» ለማለት ግን አንድ የእኔ የሚሉት ነገር አስፈለጋቸው፤ የገዛ ትእዛዛቸው ያለበት፣ ሦስት ጊዜ ያስፈቱት፣ ጭስ ማውጫውን ያስቀየሩት ነገር። የሁለት ሰዓት ሥራችን አዳራሽ ሊያስመስለው ይችል ነበር። ቤት ያደረጉት ግን እነሱ ናቸው።

እናም ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ክረምት ገብቶ ወደዚያ ለመሄድ ስታስቡ ፊኛውን ቀንሱ፣ ወረቀቱን ጨምሩ። ገብታችሁ ሰላምታ ስጡ፣ ጉልበት ሳሙ፣ ወንበር ሳቡና ቁጭ በሉ። መጀመሪያ ጠይቁ። ከዚያ መቀሱን ለእማማ ስጧቸው። «አልችልም» ካሉ መልሳችሁ ተቀበሉና «እሺ እማማ፣ የቱ ጋ ልቁረጠው?» በሏቸው። ሦስት ጊዜ ቢያስፈቷችሁ አትማረሩ፤ ሙያ እየተማራችሁ ነው።

መልካም ክረምት!